ወጨፎ በሱሚዳ ላይ

ዮትሱጊ፣ የደረስኩበት ማታ

የአክስቴ ልጅ የሚኖረው በቶኪዮ ምሥራቅ፣ በካትሱሺካ ወረዳ፣ ዮትሱጊ በሚባል ሰፈር ነው። ቶኪዮ ውስጥ ያለው አበሻ በብዛት የተሰባሰበው በዚህ አካባቢ ነው። ከባቡር ጣቢያው እስከ ቤቱ በእግር ስንሄድ ሁለት ጊዜ በአማርኛ «ሰላም ነው?» ተባልን። ጠባቧ ክፍል ውስጥ የቡና ሽታ ቀድሞን ገብቶ ጠበቀን። ራት በልተን ሁለተኛውን ስኒ ስንይዝ አንድ ትልቅ መጽሐፍ ከመደርደሪያ አውርዶ ጉልበቴ ላይ አኖረልኝ።

«ጋሼ፣ እስቲ የኛን ሰፈር ይፈልጉ» አለኝ።

መጽሐፉ የጃፓናዊው ሠዓሊ የሂሮሺጌ «የኤዶ መቶ ስመ ጥር ትዕይንቶች» ነው። ኤዶ የዛሬዋ ቶኪዮ የቀድሞ ስሟ ነው። «መቶ» ይባሉ እንጂ ሥዕሎቹ 119 ናቸው፤ ሁሉም በእንጨት ላይ ተቀርጸው፣ በእጅ በወረቀት ላይ የታተሙ፣ ከ1856 ጀምሮ አንዳንድ እየሆኑ ለገበያ የወጡ ናቸው (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው)። ገጽ ገለበጥኩ። የፕለም አበባ አለ፤ ከዛፉ ጀርባ ሰዎች ጥቃቅን ሆነው ይታያሉ። በረዶ ላይ ክንፉን የዘረጋ ንስር አለ። ሰፈሩን ግን አላገኘሁትም። በመጨረሻ ራሱ ገልጦ አሳየኝ። በሜዳ መካከል እየተጠማዘዘ እስከ አድማስ የሚሄድ ቦይ ነው። ሰዎች በዳር በዳር እየሄዱ መንገደኛ የጫኑ ጀልባዎችን በገመድ ይጎትታሉ። «ዮትሱጊ!» አለኝ፣ ጣቱን ርዕሱ ላይ አሳርፎ። ዛሬ ያ ሜዳ ቤትና አስፋልት ሆኗል። እኔ ግን ጀልባ ይጎተትበት በነበረ መሬት ላይ ቡና እየጠጣሁ መሆኔን ካወቅሁ በኋላ መስኮቱን ደጋግሜ አየሁት።

ከዚያ በኋላ ገጾቹን እኔው ብቻዬን ስገልጥ አንድ ሥዕል ላይ እጄ ቆመ። የሱሚዳ ወንዝ ነው። ከቀኝ ወደ ግራ የተዘረጋ፣ ወለሉ ቢጫ የሆነ የእንጨት ድልድይ አለ። በድልድዩ ላይ ጥቂት ሰዎች ጎንበስ ብለው ይጣደፋሉ፤ ጃንጥላ ያለው በጃንጥላው ተጠልሏል፤ የሌለው ራሱን በገለባ ሸፍኗል። ከላይ ሰማዩ እንደ ጥላሸት ጠቁሯል። ማዶ ያለው ዳርቻ ግራጫ ጥላ ሆኖ ዘመም ብሏል። ከላይ እስከ ታች ደግሞ ቀጫጭን ጥቁር መስመሮች ሥዕሉን ሁሉ እየሰነጠቁ ይወርዳሉ። ዝናብ ነው። ካፊያ አይደለም፤ ነፋስ የሚነዳው፣ በጎን የሚመታ፣ ጃንጥላ የማያስጥለው ዝናብ ነው። አማርኛችን ለዚህ ቃል አለው፤ ወጨፎ እንለዋለን።

በወንዙ ላይ አንድ ሰው ብቻውን ይታያል። የታሰሩ ግንዶች ላይ ቆሞ፣ በረጅም እንጨት ውኃውን እየገፋ ይሄዳል። የለበሰውን አይቼ ደነገጥኩ፤ ገሳ ነው። ጃፓኖች «ሚኖ» ይሉታል፤ ከገለባ የተጎነጎነ፣ ትከሻ ላይ የሚደረብ፣ የዝናብ ልብስ ነው። ደጋ ያደገ ሰው ይህን ልብስ ለማወቅ አስተርጓሚ አያሻውም። የድልድዩ ሰዎች ይሮጣሉ፤ እሱ ግን የት ይሮጣል? ከሥሩ ውኃ ነው፤ ከላዩም ውኃ ነው።

የሥዕሉ ርዕስ «በኦሃሺ ድልድይና በአታኬ ላይ የወረደ ድንገተኛ ዝናብ» ነው፤ የወጣውም በ1857 ነው። በጃፓንኛው ርዕስ ውስጥ «ዩዳቺ» የሚል ቃል አለ፤ በበጋ ወደ ማታ ድንገት መጥቶ፣ ወርዶ ወርዶ የሚያባራ ዝናብ ማለት ነው። አታኬ ደግሞ የማዶው ዳርቻ ስም ነው፤ አታኬማሩ የምትባል የሾጉኑ፣ ማለትም የዘመኑ የጦር ገዥ፣ ትልቅ የጦር መርከብ በአንድ ወቅት እዚያ ቆማ ስለነበር ስሟ ለሰፈሩ ቀረ። መርከቧ በ1682 ከፈረሰች በኋላ ሂሮሺጌ ሰፈሩን እስኪሥለው ድረስ ከአንድ መቶ ሰባ ዓመት በላይ አልፏል፤ ስሟ ግን ገና አልሰጠመም ነበር።

ጂምቦቾ፣ በማግስቱ

ባቡሩ የአራካዋን ወንዝ ተሻግሮ ኦሺያጌ አደረሰን፤ እዚያ ቀይረን ጂምቦቾ ወረድን። ጂምቦቾ የአሮጌ መጻሕፍት ሰፈር ነው። መጽሐፍ እንደ ጤፍ ጆንያ በየበሩ ተቆልሎ ይሸጣል። ከሱቆቹ አንዱ የእንጨት ኅትመት ሥዕሎችን ይይዛል። ባለሱቁ የምንፈልገውን ሲሰማ ከመሳቢያ አንድ ወረቀት አወጣ። የሂሮሺጌ ዘመን እትም አይደለም፤ በኋላ ዘመን እንደ ጥንቱ በእጅ ተቀርጾ፣ በእጅ የታተመ ነው። ትልቅ መስሎኝ ነበር። ቁመቱ 36፣ ስፋቱ 24 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ሁለት መዳፍ ይበቃዋል።

የሥዕሉን ፊት ጥቂት ካሳየን በኋላ ባለሱቁ ወረቀቱን ገለበጠው። ጀርባውን አሳየን። የወንዙ ሰማያዊ በወረቀቱ ውስጥ አልፎ ከኋላ በኩል ይታያል፤ በላዩም ዝቅ ብሎ ለተመለከተ ክብ ክብ የሆኑ የመታሸት ምልክቶች አሉ። አታሚው ወረቀቱን በእጁ የተጫነበት ፈለግ ነው። ቀለሙ በወረቀቱ ላይ አልተቀባም፤ ወደ ወረቀቱ ሥጋ ገብቷል። ባለሱቁ ከዚህ ሌላ ብዙም አልተናገረም። የአክስቴ ልጅም የሚተረጉመው አጥቶ ዝም አለ። ሦስታችንም የአንድን ሥዕል ጀርባ ስንመለከት ቆየን።

ወረቀቱ ኮዞ ከሚባል ቁጥቋጦ ልጥ የሚሠራ ነው። ልጡ ይቀቀላል፣ ይደበደባል፣ በውኃ ውስጥ ይበተናል፣ በወንፊት ይታፈሳል። ጭረቱ ረጅም ስለሆነ እርጥብ ሆኖ ደጋግሞ ሲታሽ አይቀደድም። ያ ልጥ ባይኖር ኖሮ ይህ ሥዕልም ባልኖረ።

በአንድ ወርክሾፕ፣ ሦስተኛው ቀን

ዛሬ የጻፍኩት እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው፤ ከድካም አይደለም።

ጥንታዊውን ሙያ የያዘ አንድ አነስተኛ ወርክሾፕ እንድንገባ ፈቀደልን። አንድ አዛውንት ጠራቢና አንዲት አታሚ ወለሉ ላይ ምንጣፍ ዘርግተው ይሠራሉ። በጥንቱ ሥርዓት እንዲህ ያለ ሥዕል የአራት ወገኖች ሥራ ነበር፤ አሳታሚው ገንዘቡንና ሐሳቡን ያመጣል፤ ሠዓሊው ይነድፋል፤ ጠራቢው ይቀርጻል፤ አታሚው ያትማል። በሥዕሉ ላይ ጎልቶ የሚነበበው ግን የሠዓሊው ስም ነው። የጠራቢዎችና የአታሚዎች ስም አብዛኛውን ጊዜ ሳይጻፍ ቀርቷል። እኔም እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ዝናቡን ሂሮሺጌ ብቻ የሠራው ይመስለኝ ነበር።

ሠዓሊው በስስ ወረቀት ላይ የነደፈው ሥዕል በተላገ የተራራ ቼሪ እንጨት ላይ በፊቱ ተደፍቶ ይለጠፋል። ጠራቢው ከነወረቀቱ ይቀርጸዋል። ስለዚህ የሠዓሊው የመጨረሻ ንድፍ በሥራው ላይ ይጠፋል፤ የሂሮሺጌ ብሩሽ ያረፈበት የዚህ ዝናብ ንድፍ በመላጫና በፍቅፋቂ መካከል አልቋል። ቼሪ የሚመረጠው እንጨቱ ጠጣርና ልስልስ ስለሆነ፣ ቀጭን መስመር ሳይሰበር ስለሚያቆም ነው።

አዛውንቱን ስለ ዝናቡ ጠየቅኋቸው። ከመደርደሪያ አንድ ሳንቃ አምጥተው ፊቴ አስቀመጡ።

ድልድይ የለበትም። ሰው የለበትም፣ ወንዝም የለበትም። ከላይ እስከ ታች እንደ ፀጉር የቀጠኑ መስመሮች ብቻ ከእንጨቱ ወለል በላይ ቆመዋል። ሌላ ሳንቃ ጨመሩልኝ፤ እሱም ዝናብ ነው፤ ግን ያዘነበለበት መንገድ ከመጀመሪያው ጥቂት ይለያል። አንዱ በደማቅ፣ ሌላው በፈዛዛ ቀለም ይታተማል። ሁለቱ ወጨፎዎች ሲደራረቡ ነው ዝናቡ ጥልቀት የሚያገኘው፤ የቀረበውና የራቀው የሚለየው።

ጣቴን እንዳሳርፍ ፈቀዱልኝ። መስመሮቹን በጣቴ ጫፍ ዳሰስኩ።

ከዓመታት በፊት አምስተርዳም ውስጥ ቫን ጎኽ በ1887 በዘይት ቀለም የገለበጠውን የዚህን ሥዕል ቅጂ አይቼ ነበር። ፓሪስ ሳለ እሱና ወንድሙ ቴዎ የጃፓን ኅትመቶችን በመቶዎች ሰብስበዋል። በዚያ ቅጂ ዙሪያ ከሌሎች ሥዕሎች የቀዳቸውን የጃፓን ፊደላት እንደ ክፈፍ ደርድሯል። ወድጄው ነበር፤ ዛሬም እወደዋለሁ። ነገር ግን ቫን ጎኽ ዝናቡን በብሩሽ ጨመረው፤ ቀለም ላይ ቀለም ደረበ። እዚህ ሳንቃ ላይ ያለው ዝናብ ግን የተጨመረ አይደለም። ጠራቢው ዝናቡን አልነካም። ዝናብ ያልሆነውን ሁሉ ነው ያነሣው። አንድ መስመር ለማቆም በግራም በቀኝም በስለት መሄድ አለበት፤ አዛውንቱ እንዳሳዩኝ መጀመሪያ የሁሉንም መስመሮች አንድ ጎን ይቆርጣሉ፤ ከዚያ ሳንቃውን አዙረው ሌላውን ጎን ይቆርጣሉ። በመጨረሻም በመካከል ያለውን በመሮ ይጠርጋሉ። አንዱ ጠብታ ከተሰበረ፣ ሥራው ተሰበረ።

ከዚያ ወደ አታሚዋ ዞርን። የምትሠራበት አግዳሚ ከእሷ ወደ ፊት ያዘነበለ ነው። ወረቀቱ ቀድሞ ረጥቧል። ቀለሙንና የሩዝ ሙጫውን ሳንቃው ላይ በብሩሽ አዋሐደች፤ ወረቀቱን ሁለት ምልክቶች ላይ አስደግፋ ጣለችው። አንደኛው ምልክት በጥጉ እንደ ማዕዘን የተቀረጸ ነው፤ ሁለተኛው በጠርዙ ላይ ያለ ቀጥ ያለ ጭረት ነው። «ኬንቶ» ይሏቸዋል። ሁሉም ሳንቃዎች እነዚህ ሁለት ምልክቶች ስላሏቸው አንዱ ቀለም ከሌላው ጋር ሳይዛነፍ ይገጥማል። ማተሚያ ማሽን የለም። ባሬን የሚባል፣ ከተገመደ የቀርከሃ ልባስ የተሠራና በቀርከሃ ልባስ የተጠቀለለ ክብ መጫኛ አለ። በእሱ የወረቀቱን ጀርባ ክብ ክብ እያደረገች አሸችው። ትናንት በጂምቦቾ ያየሁት ፈለግ ይህ ነበር።

ወንዙ የሚታተምበት ሰማያዊ በርሊን ላይ የተፈለሰፈ ቀለም ነው። ጃፓኖች ከከተማዋ ስም ወስደው «ቤሮ» ይሉታል። በ1830 አካባቢ በርካሽ በብዛት መግባት ሲጀምር የመልክዓ ምድር ሥዕል ፋሽን ሆነ፤ ሠዓሊው ሆኩሳይ የፉጂን ተራራ በሠላሳ ስድስት ገጽታ ባወጣ ጊዜ የተመካው በዚህ ቀለም ነው። ሰማይንና ውኃን ከጥቁር ሰማያዊ እስከ ባዶ ወረቀት እያደበዘዙ ማተም የቀለለው በእሱ ነው። ማደብዘዙን «ቦካሺ» ይሉታል።

አሁን ደግሞ ያልጠበቅሁት ነገር መጣ። የላይኛውን ጥቁር ደመና የት እንደተቀረጸ ስጠይቅ አታሚዋ ባዶ ሳንቃ አሳየችኝ። ደመናው እንጨቱ ላይ የለም። ሳንቃውን በእርጥብ ጨርቅ አብሳ፣ ቀለሙን በብሩሽ ጥላ፣ ጠርዙን በእርጥቡ ውስጥ እንዲሰራጭ ለቀቀችው፤ ያ የተሰራጨው ነው ደመና የሚሆነው። ለእያንዳንዱ ወረቀት እንደገና ትጀምራለች። ስለዚህ ከሂሮሺጌ ዘመን የተረፉት የዚህ ሥዕል ቅጂዎች ሁሉ ድልድያቸው አንድ ነው፤ ሰማያቸው ግን ለየብቻ ነው።

በዚያ ወርክሾፕ ባየሁት ሥራ ዝናቡ ወደ መጨረሻው ነው የታተመው። ድልድዩ ደርቆ ተቀምጦ ነበር። ሰዎቹ ያለ ምክንያት አጎንብሰው፣ ያለ ምክንያት ጃንጥላ ዘርግተው ቆይተዋል። አታሚዋ የመጀመሪያውን የዝናብ ሳንቃ አሽታ ወረቀቱን ስታነሣ ሁሉም በአንድ ጊዜ በሰበሱ። የአክስቴ ልጅ «ወይኔ!» አለ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። አዛውንቱም ከሥራቸው ቀና አሉ።

ሃራጁኩ

የጥንቱን እትም ያየሁት ሃራጁኩ በሚገኘው ኦታ መታሰቢያ ሙዚየም ነው። ሙዚየሙ የተከፈተው በ1980 ሲሆን የተሠራው በዋናነት ለእነዚህ ኅትመቶች ነው። ብርሃኑ ደብዘዝ ያለ ነው፤ ቀለሞቹ ብርሃን ስለሚበላቸው ሥዕሎቹ ለጥቂት ጊዜ ይወጡና ወደ ጨለማቸው ይመለሳሉ። በዘመናቸው ዋጋቸው ከሳህን ኑድል ብዙም የማይበልጥ ወረቀቶች ነበሩ። ሠራተኛውም ነጋዴውም እየገዛ ግድግዳው ላይ ይለጥፋቸው ነበር። ዛሬ ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይቆምላቸዋል።

በመስታወቱ ፊት ለፊት ቆሜ የሂሮሺጌን ሕይወት አሰብኩ። በ1797 ኤዶ ውስጥ ሲወለድ አባቱ እሳት ጠባቂ ነበር፤ የሾጉኑን ግቢ ከቃጠሎ ለመጠበቅ የተመደበ ዝቅተኛ ሳሙራይ። በ1809 እናቱም አባቱም ሞቱ፤ ልጁ ገና በአሥራዎቹ መጀመሪያ ላይ ሳለ የአባቱን ሥራ ወረሰ። ኤዶ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው የሚኖርባት፣ ከእንጨትና ከወረቀት የተሠራች ከተማ ነበረች፤ እሳት ተነሣ ማለት ምን እንደሆነ እሱ ከማንም በላይ ያውቃል። ሥዕልን ቶዮሂሮ ከተባለው መምህር ተማረ፤ የጥበቃውን ኃላፊነት በኋላ ለዘመዱ አስተላልፎ ሙሉ ጊዜውን ለብሩሹ ሰጠ።

በ1855 ኅዳር ወር ኤዶ በመሬት መንቀጥቀጥ ተመታች። ሺዎች ሞቱ፤ የተረፈውን እሳት በላው። ሂሮሺጌ የመቶውን ትዕይንት ሥዕል የጀመረው ከዚያ ጥቂት ወራት በኋላ፣ በ1856 ነው፤ በዚሁ ዓመት ፀጉሩን ተላጭቶ የቡድሃ መነኩሴ ሆኗል። እነዚህን ሥዕሎች የሚገዛው ሰው ቤቱን እንደ አዲስ የሚሠራ ሰው ነበር። ሂሮሺጌ የሚያሳየው ከተማ ግን ፍርስራሽ የለበትም። አበባው አለ፣ ድልድዩ አለ፣ በረዶው አለ። ይህን አንዳንዶች ማስዋብ ይሉት ይሆናል፤ እኔ አልለውም። ቤቱ የተቃጠለበትን ሰው እጁን ይዞ «እዚህ እኮ ነው የምትኖረው» ማለት ነው።

እሳት ጠባቂው ደግሞ ለዚያች በእሳት ለተጎዳች ከተማ ዝናብ ሣለላት። ይህን የሚል ጽሑፍ ከየትም አላነበብኩም፤ የእኔ ሐሳብ ነው። ግን ከመስታወቱ ፊት ስቆም፣ ልጅነቱን ሰማይ እያየ ጭስ ሲፈልግ ያሳለፈ ሰው ጥቁር ደመና ሲመጣ ምን እንደሚሰማው ማሰቤን መተው አልቻልኩም።

ሥዕሉ በወጣ በዓመቱ፣ በ1858፣ ሂሮሺጌ ሞተ። በዚያ ዓመት ኤዶን ኮሌራ እያጨዳት ነበር። ባልደረባው ኩኒሳዳ የመታሰቢያ ምስሉን ሣለለት፤ ራሱ የተላጨ፣ መቁጠሪያ የያዘ፣ ፊቱ የተረጋጋ ሽማግሌ ነው።

ሺን ኦሃሺ፣ የመጨረሻው ቀን

ወደ ድልድዩ ሥዕሉ ከታየበት ወገን ለመድረስ ፈለግሁ። ሃማቾ ጣቢያ ወርደን ወደ ወንዙ ሄድን፤ ሂሮሺጌ አታኬን ያየው ከዚህ ወገን ነውና።

የሥዕሉ ኦሃሺ ሙሉ ስሙ «ሺን ኦሃሺ» ነው፤ አዲሱ ታላቅ ድልድይ ማለት ነው። መጀመሪያ የተሠራው በ1693 ነው፤ ከእሱ በላይ ያለው የሪዮጎኩ ድልድይ በዚያ ዘመን «ታላቁ ድልድይ» ይባል ስለነበር ይሄኛው «አዲሱ» ተባለ። ባለቅኔው ባሾ በማዶ በፉካጋዋ ይኖር ነበርና ሲሠራም ሲያልቅም አይቶታል፤ በሁለቱም ጊዜ ቅኔ ተቀኝቶለታል። የእንጨቱ ድልድይ በጎርፍና በእሳት ደጋግሞ ፈርሶ ደጋግሞ ተሠርቷል። በ1912 የብረት ድልድይ ጥቂት ወደ ወንዙ ላይኛ ወገን ራቅ ብሎ ቆመ። በ1923 የካንቶ የመሬት መንቀጥቀጥ ከተማዋን ሲያነድ በሱሚዳ ላይ ከነበሩት ሌሎች ድልድዮች ብዙዎቹ እየተቃጠሉ ሲወድቁ ይሄኛው ጸና፤ ብዙ ሰው ከእሳት ሸሽቶ በላዩ ዳነ። «ሰው አዳኝ ድልድይ» የሚል ስም ያተረፈው ያኔ ነው። በሃማቾ በኩል የመታሰቢያ ድንጋይ ቆሞለታል። የብረቱ ድልድይ ከፊል አካሉ ዛሬ አይቺ ክፍለ ሀገር ባለው የሜይጂ ሙራ ሙዚየም ይገኛል። አሁን የምንሻገርበት በ1977 የተሠራ፣ በገመድ የተወጠረ ድልድይ ነው።

ከድንጋዩ ፊት ብዙ ቆየሁ። የአክስቴ ልጅ ጽሑፉን ቀስ እያለ አነበበልኝ። አንድ አሮጊት ውሻቸውን እየመሩ አልፈው፣ ሁለት የውጭ አገር ሰዎች እዚህ ድንጋይ ፊት ምን እንደሚያደርጉ ለማየት ተመለሱ፤ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም አሉን፤ እኛም እጅ ነሣን።

ድልድዩ መካከል ስንደርስ ቆምን። ወንዙ ሰፊና ግራጫ ነው። ግንድ የሚገፋ ሰው የለም፤ ጠፍጣፋ የሽርሽር ጀልባ ከሥራችን አለፈች። ማዶው ሕንፃ ብቻ ነው። አታኬ የት ጋ እንደነበር በመጽሐፉና በስልኩ ካርታ መካከል እየተመላለስን ስንፈልግ ነፋሱ ድንገት ቀዘቀዘ። ከሰሜን በኩል ሰማዩ ጠቆረ፤ ጠርዙ እርጥብ ሳንቃ ላይ እንደተሰራጨ ቀለም ያልተስተካከለ ነበር። መጽሐፉን በኮቴ ሸፈንኩት። የመጀመሪያዎቹ ጠብታዎች ወፍራም ነበሩ፤ ከዚያ ዶፉ ወረደ፤ ከዚያ ነፋሱ ያዘውና በጎን ይገርፈን ጀመር።

በድልድዩ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ መሮጥ ያዘ። ተማሪዎች ቦርሳቸውን ራሳቸው ላይ ደፉ። አንዲት ሴት ቀሚሷን ሰብስባ አለፈችን። እኔ የብረቱን መደገፊያ ይዤ ቆሜ ቀረሁ፤ ማዶው ዳርቻ በዝናቡ ውስጥ ቀስ በቀስ ግራጫ ጥላ ሲሆን እያየሁ።

ያለን አንድ ጃንጥላ ነው፤ የአክስቴ ልጅ ዘረጋውና ወደ እኔ መጣ።

«ጋሼ፣ ጠጋ ይበሉ እንጂ! መጽሐፉ ይበሰብሳል።»

ተጠጋሁ። በአንድ ጃንጥላ ሥር፣ ትከሻ ለትከሻ ተገፋፍተን፣ ወደ አታኬ ወገን መሮጥ ጀመርን።